የጀግና መውጫና መጥለቂያ

አቶ ብሥራት ደበበ በ2018 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ያሳተሙት «ጀምበር» የተባለው የሥዕል ታሪክ፥ ሥራ ፈላጊ የነበረ የአዲስ አበባ ምሩቅ ልዩ ኀይል ሲያገኝ ያሳያል። ስሙ ራሱ ኅብር ነው፤ ጀምበር ትወጣለች፥ ትጠልቅማለች።

ከ1938 ጀምሮ ሲታተም የኖረውን የሱፐርማንን ታሪክ፥ እንግሊዛዊው አላን ሙር በ1986 ወደ ፍጻሜ ሲያደርሰው፥ በመክፈቻው ምዕራፍ ቀድሞ መቀለጃ የነበሩት ጠላቶች ነፍሰ ገዳዮች ሆነው ይመጣሉ። ጀግናውም በምዕራፉ መጨረሻ ያለቅሳል። ሰሙ ኀይል፥ ወርቁ ሐዘን ነው።

በነቀምቴ ሥራ አጥቶ የሚዞር ምሩቅ፥ ኀይል ብቻ ቢያሳዩት በሕልም ይደለላል፤ የኀይልን ዋጋ ቢያሳዩት ግን ይመከራል። ስለዚህ የእኛም ጀምበር ደራሲ መጥለቂያዋን ከወዲሁ ቢያስብበት መልካም ነው።