ለወደቁትስ ታሪክ ጸሐፊ አያሻቸውምን?

ከወደቁ በኋላ ስለ መነሣትና ስለ መከናወን የሚያስተምሩ መጻሕፍት በተማሪዎች እጅ ብዙ ናቸው። በፈተና ወድቆ ከትምህርት ገበታ ለተሰናበተ ጓደኛም ማጽናኛ ተብለው የሚሰጡት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የሚሉት ነገር እውነት መሆኑን መመርመር ከንቱ ሥራ አይመስለንም። ለምርመራችንም የስኮትላንዱን ተወላጅ የሳሙኤል ስማይልስን «ራስን መርዳት» እና የአሜሪካዊውን መሐንዲስ የሄንሪ ፔትሮስኪን «መሐንዲስነት የሰው ጠባይ ነው» (1985) መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የስማይልስ መጽሐፍ የተጠነሰሰው በ1845 በሊድስ ከተማ፥ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ለነበሩ ወጣቶች ካደረገው ንግግር ነው። በ1855 አንድ አሳታሚ አልቀበልም ብሎ መለሰበት። በ1859 ሲታተም ግን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 20 ሺሕ ያህል ተሸጠ፤ በ1871ም ወደ ጃፓን ቋንቋ ተተርጕሞ በዚያ አገር እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የፈረንሳዊው ሸክላ ሠሪ የበርናር ፓሊሲ ታሪክ ነው። ፓሊሲ በሸክላ ላይ የሚቀባ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ነጭ ቅብ ለማግኘት ብዙ ዓመት ደከመ፤ ገንዘቡም አለቀ። በመጨረሻ ማገዶ ቢያጥርበት የአትክልቱን አጥር፥ ቀጥሎም የቤቱን ዕቃና መደርደሪያውን እየሰባበረ ወደ እሳቱ ጨመረ። ሚስቱና ልጆቹ አብዷል እያሉ ወደ ከተማው ሮጡ። ቅቡ ግን ቀለጠ። ስማይልስም ይህን በጽናት ምሳሌነት ያቀርበዋል። (ሚስቲቱ የጻፈችው ቢኖር ማንበብ በወደድን ነበር።)

ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ቅቡ ባይቀልጥስ ኖሮ? ሰውየው ያው፥ ድካሙ ያው፥ የተቃጠለውም ዕቃ ያው ነው፤ ስሙ ግን ከጽናት ወደ እብደት በተለወጠ፥ በመጽሐፉም ባልገባ ነበር። ዕቃውን አቃጥሎ በቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ የቀረው ሰው ለምስክርነት አልተጠራም። እርሱን ሳይሰሙ ደግሞ ለፓሊሲ የተሳካለት በጽናቱ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ደራሲው ይህ ነቀፌታ አልጠፋውም። በ1866 እትም መቅድም ላይ፥ ፕሉታርክ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት እንደ ጻፈ ሁሉ ለወደቁትም እንዲህ ያለ ጸሐፊ ለምን አይኖራቸውም የሚለውን ጥያቄ ራሱ ያነሣል፤ ንባቡ ልብ የሚሰብርና ትምህርት የማይገኝበት ይሆናል ሲልም ይመልሳል። ልብ መስበሩን እንቀበል፤ ትምህርት የለውም ማለቱን ግን አንቀበልም።

ማስረጃችን ፔትሮስኪ ነው። እርሱ ከሚመረምራቸው አንዱ በ1981 በካንሳስ ሲቲ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰው የሞተበት አደጋ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ የላይኛውና የታችኛው መተላለፊያ ከጣራው በሚወርዱ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ላይ በየራሳቸው ይያዙ ነበር። በኋላ ግን ለሥራ እንዲመች ዘንጎቹ ለሁለት ተከፈሉና የታችኛው ከላይኛው ተንጠለጠለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ተንጠልጥለው ሳሉ፥ የታችኛው ገመዱን ለቆ የላይኛውን እግር ቢይዝ እንደ ማለት ነው። ገመዱ የያዘው ክብደት ያው ነው፤ የላይኛው ሰው እጅ ግን እጥፍ ተሸከመ። በሆቴሉም እጥፉ ያረፈው ከላይኛው መተላለፊያ ሥር ባለው ዳዶ ላይ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወድቆ የተነሣ፥ ኋላም የተከናወነለት ሰው የለም፤ ትምህርቱ ግን እስከ ዳዶው ድረስ ተለይቶ ይታወቃል።

የፔትሮስኪ መንገድ ሁሉን ይበቃል አንልም። የወደቀ ብረት ተሰብስቦ ይለካል። የወደቀ ተማሪ ግን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ክብደቱ ያረፈው በቋንቋው፥ በገንዘቡ፥ በጤናው ወይስ በማስተማሪያው ዘዴ ላይ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይሸኛል፤ በእጁም የፓሊሲን ታሪክ እናስይዘዋለን።