ጥሪው ደርሷል፤ ሰውየውስ?

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መጣጥፍ ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱትን አንድ ምሳሌ አነሣ። ከ1980 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ቦውሊንግ የሚጫወቱ አሜሪካውያን ቁጥር በ10 በመቶ ሲጨምር፣ በቡድን ተመዝግበው የሚጋጠሙት ግን በ40 በመቶ ቀነሱ። ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ በ2000 «ቦውሊንግ አሎን» በሚል ርእስ መጽሐፍ አደረገው፤ በእኛ ቋንቋ «ለብቻ ቦውሊንግ» እንደማለት ነው። ጨዋታው አልሞተም፤ የሞተው ማኅበሩ ነው።

መጽሐፉ ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል ዋትስአፕ በ2009፣ ቴሌግራም በ2013 መጡና ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ አሥር ማኅበር ይዞ የሚዞር ሆነ። ለዚህ ዘመን የፑትናም መስፈሪያ የሚበቃ አይመስለኝም። እርግጥ ነው፣ መዋጮ ከመክፈል በቀር ማኅበርተኛውን የማያውቅ አባል ለእርሱም ከቁም ነገር አልገባለትም። ነገር ግን የምሁሩ ጥያቄ በመሠረቱ «ሰዎቹ ፊት ለፊት ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም?» የሚል ነው። አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይተያዩ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ማኅበር በዓለም ላይ መኖሩን ስናስብ፣ ጥያቄው ሌላ መሆን እንዳለበት እንረዳለን። ይህ ማኅበር የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች ማኅበር ነው።

«አማተር» የሚለው ቃል በላቲን «አፍቃሪ» ከሚለው የመጣ ነው። የአማተር ሬዲዮ ሰው ፈተና ወስዶ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ ያለ ክፍያ፣ ለነገሩ ፍቅር ብቻ ሲል በአጭር ሞገድ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገር ነው። በአመክንዮ ቢሆን ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ መሞት ነበረበት። የረዥም ርቀት ስልክ ሲረክስ፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ፣ ኢንተርኔት ሲስፋፋ በየተራ መቃብሩ ተቆፍሮለት ነበር። ይሁንና ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ባለ ፈቃዶች አሉ። እንግዲህ ምን አኖረው?

መልሱ ከአመሠራረቱ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1914 በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ የሚኖር ሃይረም ፐርሲ ማክሲም የተባለ መሐንዲስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ስፕሪንግፊልድ መልእክት ለመላክ ፈልጎ መሣሪያው አልደርስ አለው። በመካከል የሚኖር ሌላ አማተር መልእክቱን ተቀብሎ አሳለፈለት። ማክሲም ከዚህ ተነሥቶ ከወጣቱ ክላረንስ ተስካ ጋር የአሜሪካን የሬዲዮ ቅብብል ማኅበር አቋቋመ። «ቅብብል» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በስሙ ውስጥ አለ። በ1915 ታኅሣሥ የመጀመሪያ እትሙ የወጣው የማኅበሩ መጽሔትም ዛሬም ይታተማል። በኅዳር 1923 አንድ ፈረንሳዊ አማተር ከኒስ ከተማ ሆኖ ከአሜሪካ ባልንጀሮቹ ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ ሲነጋገር፣ ነገሩ ከመንደር ቅብብል ወደ ዓለም ጉባኤ ተለወጠ።

በዚህ ጉባኤ ውስጥ ሦስት ልማዶች ሥር ሰደዱ። የመጀመሪያው ግልጽነት ነው። አማተሮች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ንግግራቸውን በምስጢር ኮድ መሸፈን አይፈቀድላቸውም፤ ንግድም አይነግዱበትም። ማንም መንገደኛ መስማት ይችላል። ተናጋሪው ደግሞ ራሱን መግለጥ አለበት፤ በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ ማብቂያ የጥሪ ምልክቱን ይናገራል። ሁለተኛው መዝገብ ነው። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሞገድ፣ በምን ያህል ጥራት እንደተሰማ ይጻፋል፤ ከዚያም ማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይላካል። ለትምህርት በሄድኩባት በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የአማተሮች ካርድ ሁሉ የሚያልፈው በሞስኮ የፖስታ ሣጥን ቁጥር 88 በኩል ነበር። መንግሥታቱ በኑክሌር ሲፈራሩ፣ ሁለት ተራ ሰዎች «ድምፅህን ሰምቻለሁ» የሚል ካርድ በዚያች ሣጥን ይለዋወጡ ነበር። ሦስተኛው ጀማሪን ማስተማር ነው። አማተሮች አዲስ ገቢውን እጁን ይዞ የሚያስተምር ሰው «ኤልመር» ይሉታል። ስሙ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በመጽሔታቸው የታወቀ ሲሆን፣ ከአንድ ቸር አስተማሪ ስም የተወሰደ ነው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ስናያቸው፣ ማኅበሩን ያኖረው የመሣሪያው ፍጥነት እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ያኖረው ገና ላልመጣው እንግዳ የተጠበቀለት ቦታ ነው። እንግዳው መስማት ይችላል፤ የቀደመውን ማወቅ ይችላል፤ የሚጠይቀው ሰው አለው። በበኩሌ ማንኛውንም የወዳጆች ጉባኤ የምለካው በዚህ ነው፦ ነገ የሚመጣው የማናውቀው ሰው ምን ይጠብቀዋል?

በዚህ መስፈሪያ ዛሬ ራሱን የአማተር ሬዲዮን ብንመዝነው አንድ የሚያሳስብ ነገር እናገኛለን። በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጆ ቴይለር፣ ከስቲቭ ፍራንክ ጋር ሆኖ በ2017 «ኤፍ-ቲ-8» የተባለ የዲጂታል መገናኛ ዘዴ አወጣ። ዘዴው እጅግ የረቀቀ ነው፤ በጆሮ ከቶ የማይሰማን ደካማ ሞገድ ከጫጫታ ውስጥ መንጥቆ ያወጣል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በ15 ሴኮንድ ተራ ይለዋወጣሉ። የሚለዋወጡት ግን የጥሪ ምልክት፣ አካባቢን የሚያመለክት አጭር ኮድ፣ የሞገዱን ጥንካሬ የሚገልጽ ቁጥርና የስንብት ሰላምታ ብቻ ነው። ከዚህ ወጥቶ በራስ ቃል ለመጻፍ የሚፈቀደው 13 ፊደል ነው። በአንድ ምሽት መቶ ሰው «ማግኘት» ይቻላል። ካገኙት መቶ ሰው አንዱ እንኳ ምን እንደሚሠራ፣ በአገሩ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ማወቅ ግን አይቻልም።

በሙያዬ ይህን የሚመስል ነገር አውቃለሁ። የበሽተኛው ሙቀት ተለክቷል፣ የደም ግፊቱ ተጽፏል፣ የልብ ምቱ ተቆጥሯል፤ ታሪኩን ግን የጠየቀው የለም። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ሐኪሙ ግን በሽተኛውን ገና አላገኘውም። ኤፍ-ቲ-8 ጥሪው መድረሱን ያረጋግጣል፤ ሰውየው መድረሱን አያረጋግጥም።

ፍርድ ሳናጣምም እንናገር። አዲሱ ዘዴ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፊ ግቢና ረዥም አንቴና የሌለው፣ በአፓርታማ የሚኖር ሰው በትንሽ ሽቦ ዓለምን የሚደርስበት መንገድ ሆኖለታል። የስልክ መልእክትም እንዲሁ ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን፣ ሌሊት ከሥራ ስትለቀቅ በዋትስአፕ የእናቷን ድምፅ መስማቷ ቀላል ጸጋ አይደለም። የምነቅፈው ለሰላምታ የተሠራውን ዕቃ ለትምህርት ቤትነት መጠቀማችንን ነው።

ከእኛው ኑሮ ምሳሌ ልውሰድ። በብርድ አገር የሚኖሩ ጓሮ ወዳጆች ጌሾና በሶብላ ለማብቀል የሚመካከሩበት የቴሌግራም ቡድን አላቸው እንበል። አንዱ «ጌሾዬ በሸክላ ተተክሎ የበረዶውን ወራት እንዴት ይለፍ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዲት ልምድ ያላቸው እናት ዓመታት የፈጀባቸውን ዕውቀት በአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ያስረዳሉ። በማግሥቱ የበዓል መልካም ምኞት፣ የአበባ ሥዕል፣ የሰርግ ቪዲዮ ይጎርፍና መልሳቸው ይቀበራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ይጠይቃል። እርሳቸውም ይመልሳሉ። በሰባተኛው ጊዜ ግን ዝም ይላሉ። ቡድኑ አልፈረሰም፤ እንዲያውም በየቀኑ ሁለት መቶ መልእክት ይቆጥራል። ነገር ግን የበሽታውን ስም ጥሩ ብባል፣ ይህ ጉባኤ የሚሞተው በጠያቂ ማነስ ሳይሆን በመላሽ ድካም ነው እላለሁ።

«እኛ እኮ የቃል ሕዝብ ነን፤ ቡና ላይ የተወራ ተጽፎ አያውቅም» የሚለኝ አይጠፋም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት አባቶች ግን የዚያው የቃል ሕዝብ ልጆች ናቸው። የቃል ባህላችን ደግሞ ልቅ አልነበረም። የቅኔ ቤት ተማሪ የሰማውን ይዞ ይቀጽላል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ለጀማሪው ያስጠናል፤ የኔታ ሰምተው ያርማሉ። የጽዋ ማኅበርም ቀን አለው፣ ተራ አለው፣ ሙሴ አለው። ጽዋው በቀጣዩ ወር ከማን ቤት እንደሚሆን ሳይታወቅ ማኅበርተኛው አይበተንም። ቃልን ከመረሳት የጠበቀው ይህ ሥርዓት ነው። በስልካችን ውስጥ የያዝነው ግን ቡናው ሳይፈላ፣ ተራው ሳይታወቅ፣ ሙሴ ሳይሾም የሚወራ ወሬ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ እገዳ ነውን? የአማተሮቹ ታሪክ አይደለም ይላል። ለረዥም ዘመን የሞርስ ፊደል ያላወቀ ሰው በአጭር ሞገድ ለመነጋገር ፈቃድ አያገኝም ነበር። በ2003 በጄኔቭ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይህን ግዴታ ለየአገሩ ምርጫ ተወው፤ አሜሪካም በ2007 ጨርሳ አነሣችው። አንዳንድ አንጋፋዎች የሙያው ፍጻሜ ደረሰ ብለው አዘኑ። የባለ ፈቃዱ ቁጥር ግን አልፈረሰም፤ ሞርስም አልሞተም። ግዴታው ከተነሣለት በኋላ በፍቅር የሚማሩት ዛሬም አሉ። ደጁን ቆልፎ «የዛሬ ልጆች» እያለ የሚያማርር አንጋፋ፣ ከስልክ ይልቅ ማኅበሩን ይጎዳል።

መድኃኒቱ ከዚያው ከአማተሮቹ ዘንድ አለ። «ኔት» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ በታወቀ ሞገድ፣ አንድ ተራ አስከባሪ ተሹሞ ሁሉም በየተራው የሚናገርበት ጉባኤ ነው። ተራ አስከባሪው መጀመሪያ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው እንዳለ ይጠይቃል፤ እንግዳ ከገባም በስሙ ተቀብሎ ተራ ይሰጠዋል። ይህ የእኛው ሙሴ አይደለምን? የጌሾው ቡድንም ቢሆን በወር አንድ ምሽት ለጥያቄ ብቻ ቢለይ፣ አንድ ጸሐፊ በተራ ቢመርጥ፣ የዚያች እናት መልስ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለአዲስ ገቢው ሁሉ ቢሰጥ፣ ወጪው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። አዲስ አበባ፣ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ምልክቱ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ነው። በዚያ ተማሪዎች ከማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው ለመላው ዓለም መልስ መስጠትን ይማራሉ። ሁሉም በእጃቸው ስልክ አለ። ወደ ጣቢያው የሚያመጣቸው ግን ስልካቸው የማይሰጣቸው ነገር ነው፦ ማን እንደሚመልስ ሳያውቁ መጥራት፣ የመለሰውን መስማት፣ የሰሙትን መመዝገብ።

አማተሮች አንድ ባልንጀራቸው ሲሞት «ቁልፉ ጸጥ አለ» ይላሉ። ከቴሌግራፍ ዘመን የተወረሰ አነጋገር ነው። የጥሪ ምልክቱ በመጽሔታቸው ይታተማል፤ በኔታቸው ላይ ተራው ሲደርስ ዝምታው ይሰማል። በስልካችን ቡድን ውስጥ ግን በራሱ ፈቃድ የወጣውን ሰው ማሽኑ ቢያንስ ለቡድኑ አስተዳዳሪ «እገሌ ወጥቷል» ብሎ ይነግራል፤ ስለ ሞተው ግን ምንም አይለንም። ስሙ ከነፎቶግራፉ በአባላት ዝርዝር ውስጥ ይቆያል፤ ከሁለት መቶው አባል አንዱ ሆኖ መቆጠሩንም ይቀጥላል። ማኅበራችን በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የምንፈልግ ከሆነ፣ ቁጥሩን ትተን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ ከመካከላችን አንዱ ዝም ቢል፣ ዝም ማለቱን ማን ያውቃል?