ከደባርቅ እስከ ድብ ባሕር፤ የአጭር ፊልም ሜካፕ አመዛዘን

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሰው ድብ ባሕር ሳይደርስ ጋቢውን ማውለቁ አይቀርም። ላይኛው ከ2,800 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው፤ ታች ሙቀቱ ይበረታል። ከአየሩ ጋር ፊትም ይለወጣል። የደጋው እረኛ ጉንጩና አፍንጫው በፀሐይ ጠቁሮ በውርጭ ይሻክራል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና። የታችኛው ሰው ግንባሩ በላብ ይወዛል፣ አቧራው ላቡ ላይ ይጣበቃል። በዚህ አገር የተቀረጸን አጭር ፊልም ሳይ ከሜካፑ አስቀድሜ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ የት እንደኖረች፣ ምን ስትሠራ እንደኖረች ፊቷ ይናገራል ወይ? ውበቷ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እንበልና ታሪኩ ባሏ የሞተባት የዳባት ገጠር እናት ታሪክ ነው፤ ዕድሜዋ ሃምሳ አልፏል። የምትጫወታት ግን ከአዲስ አበባ የመጣች የሠላሳ ዓመት ተዋናይ ናት። በራሳቸው ጥቂት ገንዘብ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች አጃቢዎቹን ከአካባቢው ስለሚያገኙ ዙሪያዋን የሚቀመጡት እውነተኛ የዳባት እናቶች ናቸው፤ እነሱ ምንም አይቀቡም። ከእነሱ ጋር ቡና የምትጠጣበትን ትዕይንት ይጠብቁ። ዓይንዎ ወዲያው እሷን ነጥሎ ካወጣት ሥራው አልተሳካም። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣት ፋውንዴሽኑ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ቀለም የበዛበት ፋውንዴሽን ጠይም ቆዳን አመድ የተነፋበት ያስመስለዋል፤ ፊቷ ከአንገቷ ይለያል። ዐዋቂ ባለሙያ ከቆዳዋ ሥር ያለውን ቀላ ያለ ወይም ወርቃማ መልክ አጥንቶ ይቀላቅላል፣ ከዚያም ካሜራው በሚቆምበት ብርሃን ወጥቶ ያየዋል። በክፍል ውስጥ አምፖል ሥር ያማረ ፊት ደባርቅ አደባባይ ላይ ሌላ ነው።

ቀጥሎ እጇን ይመልከቱ። በእኔ ግምት ከፊት ይልቅ እጅ ይፈርዳል። ማገዶ ስትለቅም፣ እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ጣቶቿ ላይ የጥላሸትና የቃጠሎ ምልክት፣ ተረከዟ ላይ ንቃቃት፣ ዓይኗ ላይ ጢስ ያመጣው መቅላት አለ። ጥፍሯ የተሞረደ፣ እጇ ለስላሳ ከሆነ የፊቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። እንሶስላ እንኳ ጊዜ ይቆጥራል፤ ለሠርግ የሞቀችው እንሶስላ ከሳምንታት በኋላ ጥፍሩ ሲያድግ ከሥሩ ንጹሕ ክፍል ያሳያል። ይህችን ቀጭን መስመር ያስታወሰ ሜካፕ ሠሪ ሳገኝ ከልቤ ደስ ይለኛል።

የንቅሳት ነገርም አለ። የአገጭና የአንገት ንቅሳት በዕድሜ ብዛት ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። በጥቁር እርሳስ ጥርት ተደርጎ ሲሳል ትናንት የተነቀሰች ያስመስላታል። ፀጉሯም እንዲሁ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ቅቤ ተቀብታ፣ ሹሩባ ተሠርታ ከታየች ተመልካቹ ታሪኩን ማመኑን ያቆማል።

ስለ ማስረጀት አጭር ልበል። መጨማደድን በጥቁር መስመር የሚስል ሰው ካሜራው እርሳሱን እንደሚያነብበት አላወቀም። ተዋናይቷ ዓይኗን ጨፈን፣ ግንባሯን ቋጠር ስታደርግ ቆዳዋ የሚታጠፍበት ቦታ ራሱ ይታያል፤ ጥላው እዚያ ላይ ከቆዳዋ ጥቂት በጠቆረ ቀለም ይገባል፣ ከጎኑ ደግሞ ከፍ ያለው ክፍል ፈካ ይላል። ቆዳውን ወጥሮ ቀጭን ላቴክስ መቀባት፣ ሲደርቅ ፓውደር ነስንሶ መልቀቅም አለ፤ ግን ለቅርብ ሾት ስስ መሆን አለበት። ጎንደር የተወለደው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ጤዛ» ፊልም አንበርብር የተባለውን ሰው በተለያዩ ዘመናት ወደኋላና ወደፊት እያመላለሰ ያሳያል። ታሪኩ እንዲህ በሚዘልበት ፊልም ተመልካች ዘመኑን ከሰውየው አካል ላይ ካላነበበ ግራ ይጋባል።

ቁስል ሲሠራ ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መባቻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በዳባት ወረዳ የጭና ቀበሌ ነዋሪዎች ተጨፍጭፈዋል። እዚህ የተቀረጸን ፊልም ከሚያዩ ሰዎች መካከል እውነተኛ ቁስል ያጠቡ አሉ። ለማስደንገጥ የተረጨ ደማቅ ደም እነሱን ያሳዝናቸዋል እንጂ አያሳምናቸውም። አዲስ ደም ይቀላል፣ ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጠይም ቆዳ ላይ የተመታ ቦታ እንደ ቀይ ፊት አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ከቀለሙ ይልቅ እብጠቱ ይታያል። በታሪኩ ሦስት ቀን ካለፈ ቁስሉም ሦስት ቀን ማርጀት አለበት፣ ቀረጻው በአንድ ቀን ቢያልቅም። ትዕይንቶች ተቀላቅለው ስለሚቀረጹ ለኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም ትዕይንቶቹ እርስ በርስ እንዲገጥሙ ሲባል እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ ይነሣል፤ ትናንት ግራ ቅንድቧ ላይ የነበረ ጭረት ዛሬ ወደ ጉንጯ ከወረደ ያ ፎቶ አልተነሣም፣ ወይም ከቀረጻው በፊት ማንም አላየውም።