የሞላው ግድግዳ፦ ስለ ሐረሪ ቤት ውበት

በጁገል ግንብ ውስጥ ካሉት ነባር ቤቶች ወደ አንዱ የዘለቀ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ቀና ሲል ዐይኑ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያጣል። ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉት መደቦች ምንጣፍና ትራስ ለብሰዋል፤ ግድግዳው በስፌት፣ በእንጨት ገበታና በቀለም ባጌጠ የብረት ሳህን ተሸፍኗል። ይህን ያየ ሰው፣ በዛሬው የቤት ማስዋብ ቋንቋ «ማክሲማሊዝም» የሚሉት፣ ማብዛትን የውበት መርሕ ያደረገው ስልት ነው ቢል አያስገርምም። አባባሉ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

በሐረሪ ቤት ውስጥ ብዛት አለ፤ ዝብርቅርቅ ግን የለም። «ጊድር ጋር» የሚባለው ዋናው ክፍል አምስት መደቦች፣ በሐረሪ አጠራር «ነደባ»፣ የየራሳቸው ስምና ማዕርግ አላቸው፤ «አሚር ነደባ» የአባወራው ነው። ስፌቶቹ በልክና በአቻ ይሰቀላሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን ያመለክታል። የወለሉ ቀይ አፈርም፣ እንደሚተረከው፣ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል። ጌጡ እንግዲህ የሚነበብ ነገር ነው፤ ተራ ብዛት ሆኖ የሚታየው ንባቡን ለማያውቅ ነው።

ለዕቃ ቦታ መለየት የሐረር ብቻ ልማድ አይደለም። በኬንያ ጠረፍ፣ በላሙ ደሴት፣ በኮራል ድንጋይ የተሠሩት የባለጸጎች ነባር ቤቶች «ዚዳካ» የሚባሉ፣ በኖራ ተቀርጸው በረድፍ የተደረደሩ የግድግዳ መስኮቶች አሏቸው። ከባሕር ማዶ የመጣው የቻይና ሸክላ የሚቀመጠው በእነዚህ ውስጥ ነበር። በሁለቱም ከተሞች ንግድ ያመጣው ሀብት ግድግዳ ላይ የወጣው ሥርዓት ተበጅቶለት ነው።

የሐረር ስፌት ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የባህል ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይም ይታያል። ቀለሙ ያው ነው፤ ብዛቱም አልጎደለም። የጎደለው ዝምድናው ነው። በሐረሪ ቤት ስፌቱ ሙሽራዋ ወደ ትዳሯ ይዛው የምትመጣው፣ የእርሷና የዘመዶቿ እጅ ያረፈበት ንብረት ነው፤ የሰፋችው፣ የሰጠችው፣ የተቀበለችው ሴት ትታወቃለች። ተገዝቶ በምስማር የተሰቀለው ስፌት ግን ማንንም አያስታውስም። የቅጂው ድክመት ከማነሱ አይደለም፤ ማስታወሻ የሌለው በመሆኑ ነው።

አድናቆቱ ራሱም የሚዘነጋው ነገር አለ። ይህን ግድግዳ የሞሉት፣ አቧራውን የሚያራግፉት፣ ያረጀውን የሚጠግኑት ሴቶች ናቸው። አንድ ትልቅ ስፌት ረጅም ጊዜና ትዕግሥት ይበላል፤ ትምህርትና ሥራ የያዘች ወጣት ያን ጊዜ ከየት ታምጣው? «ልጆቹ ባህሉን ተዉት» እያሉ መውቀስ ቀላል ነው፤ የስፌቱን ዋጋ በሰፊዋ ድካም ልክ መክፈል ግን ከባድ ሆኖ ቆይቷል።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገብ ግንብን ሊጠብቅ ይችላል፤ ግድግዳን አይሞላም። የሐረሪ ቤት ውበት የሚቀጥለው ስፌቱን ባየን ቁጥር «የማን እጅ ነው?» ብለን ስንጠይቅ፣ ባለእጇም መልሱን በስሟና በተገቢ ዋጋዋ ስታገኝ ነው።