የመራራው አዝመራ ማዕርግ፦ በጎጃም ምድር እህልና ማዕድ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ጎጃም ምድር በረከት የተናገሩ ሰዎች፥ ዓባይን ተሻግረው የመጡትም ሆኑ በአገሩ ተወልደው ያደጉት፥ ነገራቸውን የሚጀምሩት በነጭ ጤፍና በማር፥ የሚጨርሱትም በነጭ ጤፍና በማር ነው። በቢቸናና በእነማይ ዋልካ መሬት ላይ የሚበቅለው ማኛ ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ እየተጠራ ይሸጣልና ምስጋናው ሐሰት የለበትም። ጉድለቱ ግን የአንድን አገር ማዕድ የሚመዝነው ወደ ውጭ በሚጫነው እህል መሆኑ ነው፤ የሚጫነው እህል ደግሞ ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ያልበላው ነው። የጎጃም ገበሬ ቤት የምግብ ጥበብ ጥልቀቱ የሚገለጠው በከበሩት አዝርዕት ሳይሆን በተናቁት፥ ይልቁንም መሬቱ በደከመበትና እህሉ በመረረበት ስፍራ መሆኑን ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ይሞክራል።

በአገሩ ልማድ አዝርዕት እንደ መኳንንት የተወሰነ ማዕርግ አላቸው። ስንዴ ለኅብስተ ቍርባን የተለየ ስለሆነ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፤ ማኛው ለእንግዳ፥ ለሠርግና ለተዝካር ይጠበቃል፤ ሰርገኛውና ቀዩ ጤፍ የዘወትር እንጀራ ይሆናል፤ ዳጉሳ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ወይም ብቻውን ተጋግሮ ለቤተ ሰቡ ይቀርባል፤ መራራው ግብጦ ግን ከዚህ ተራ ውስጥ ስሙም አይነሣ። ነገሩ የምላስ ፍርድ ብቻ ይምሰል እንጂ ከኋላው የጉልትና የግብር ታሪክ አለ። ለባለ ጉልቱም ሆነ ለአገረ ገዥው የሚገባው እህል ገማች በአውድማ ላይ ዐይቶ የሚተምነው፥ ተሰፍሮም ገበያ የሚያወጣው እህል ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ባላገሩን ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ያጋጨው ይኸው የአምጡ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም፥ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ታውጆ ምርት ይገመት በተባለ ጊዜም የጎጃም ገበሬ መሬቴን ለክቶ ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ሰግቶ ዐመፀ። ታዲያ ግብር ሰብሳቢውና የማዕድ አመስጋኙ ጸሐፊ፥ ዓላማቸው የተለያየ ቢሆንም፥ የሚያዩት አንድ ዐይነት እህል መሆኑ ሊያስደንቀን ይገባል።

ዳጉሳን እንመልከት። ጥቃቅን ፍሬውን ነቀዝ ስለማይደፍረው በጎተራ ውስጥ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ስለዚህ ጤፉ ተሽጦ ዕዳ ሲከፈልበት ክረምቱን የሚያሻግረው እርሱ ነው። ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ አረሙ ከቡቃያው ጋር እየተመሳሰለ ዐይንን ያታልላልና ቤተ ሰቡ ጎንበስ ብሎ በእጁ እየለየ ሲነቅል ይውላል። እንጀራው ይጠቁራል፤ ጠላውና አረቄው ግን ከማንም አያንስም፤ ዳጉሳን በእንጀራ የሚንቅ ሰው በዋንጫ ሲቀርብለት እንደማይንቀው ልብ ማለት ነው።

ስለ ኑግ ብዙ አንልም። በዘመነ ጽጌ የምዕራብ ጎጃምን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው፥ ንቡም ከሚቀስማቸው አበቦች ዋነኛው፥ በጾም ወራትም ዘይቱ ለወጥ የሚሆነው እርሱ ሆኖ ሳለ፥ ማሩን የሚያወድሱት ሰዎች ኑጉን ሲያነሡ እምብዛም አይሰማም።

ግብጦ ላይ ግን ቆየት ማለት ያስፈልጋል። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋዎች መሬቱ በዝናብ ብዛትና በዘመን ብዛት ታጥቦ አሲዳማ በሆነበት፥ ገብስና ጤፍ ቢዘሩበት ዘሩን እንኳ በማይመልስበት ቦታ፥ ገበሬው ማሳውን ለስሙ ያህል አርሶ ግብጦ ይበትንበታል። አያርመውም፥ ማዳበሪያም አይጨምርለትም። ሥሩ ከመሬት ጋር ተቆራኝቶ ለሌላ ሰብል የማይለቀቀውን ፎስፈረስ በሚያመነጨው አሲድ እያሟሟ ይስባል፤ ናይትሮጅንንም ከአየር ወስዶ በመሬት ውስጥ ስለሚያኖር ቀጥሎ ለሚዘራው እህል ማሳውን አድሶ ያስረክባል። አጥርም አያሻውም፤ ሌላው እህል ታጭዶና ተወቅቶ ከብቱ በየማሳው በሚለቀቅበት ጊዜ ግብጦው ገና ቆሞ ሳለ ከብቱ አሽትቶት ያልፋል፥ በውስጡ ያለው ምሬት ከእረኛ ይልቅ ይጠብቀዋልና።

ይህን ከብት እንኳ የሚሸሸውን ፍሬ የሰው መብል የሚያደርገው የሴቶች ጥበብ ነው። እመቤቲቱ ፍሬውን በምጣድ ላይ አስቀምጣ እያገላበጠች ትቈላዋለች፤ ከዚያ በጆንያ ትከተውና አፉን አጥብቃ አስራ፥ ጐርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭናበት፥ ከወራጅ ውሃ ውስጥ ታጋድመዋለች። የረጋ ውሃ አይሆንም፤ የረጋ ውሃ ምሬቱን ከተቀበለ በኋላ መልሶ ያንኑ ያቀብላልና። እየወረደች አንድ ፍሬ ታወጣለች፥ ልጣጩን በጣቷ ፈልቅቃ ትቀምሳለች፥ ከመረረ ትመልሰዋለች፤ እንደ ውሃው ኀይል ሦስት ቀንም ሳምንትም ይፈጃል። ፍርዱ በሰዓትና በሚዛን አይሰጥም፥ ምላስ ይበይነዋል። ምሬቱ የወጣለት ግብጦ ጨው ተነስንሶበት ይበላል፥ በገበያም በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ለሽሮ ያደርገዋል፥ አረቄም ይወጣዋል፤ የግብጦ አረቄ ለደም ግፊት ይበጃል የሚሉም አሉ፥ ሐኪሞች ግን በዚህ የሚስማሙ አይመስለኝም። ከክብደቱ ከመቶው ከ30 እጅ በላይ ፕሮቲን የሆነ ፍሬ የድሃ መቈርጠሚያ ተብሎ መቅረቱ፥ ከላይ ያልነው የማዕርግ ተራ ምን ያህል ዐይን እንደሚጋርድ ያሳያል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ጄምስ ብሩስም በ1770 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ግሽ ዓባይ መጥተው የዓባይን ምንጭ ማየታቸውን መስክረዋል፤ ከዚያ አካባቢ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ግብጦን የሚያጣፍጡ መሆናቸው ግን ለጂኦግራፊ መጽሐፍ የሚበቃ ዕውቀት ተብሎ አልተቈጠረም።

እዚህ ላይ ጓያን ማንሣት ግድ ይላል። ጓያም እንደ ግብጦ የችግር ቀን እህል ነው፥ እንደ ግብጦም መርዝ አለበት፤ የግብጦው መርዝ ግን በምሬቱ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፥ የጓያው ግን ለምላስ አይታወቅም፤ ስለዚህ በራብ ዘመን ለወራት እርሱን ብቻ የበሉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሰልሎ ቀርቷል። ምላስን ዳኛ ያደረገው ጥበብ የሚያድነው መርዙ ጣዕም ባለው እህል ላይ ብቻ ነው፤ የአገር በቀል ዕውቀትን ያለ ልክ የምናሞግስ ሰዎች ይህን ወሰኑን ልንሰውረው አይገባም።

በጮቄ ተራራ ላይ ደግሞ መሬቱ ለገብስ አልሆን ሲል ቦታውን የያዘው እንጊዶ ነው። የአጃ ወገን ነው፤ በሌላ አገር ማሳ እንደ አረም ይነቀል የነበረው እዚያ ግን ተዘርቶ፥ ታጭዶና ተፈጭቶ እንጀራም ቂጣም ይሆናል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ኢትዮጵያን ጐብኝቶ ምድሪቱን ከአዝርዕት መገኛዎች አንዷ ብሎ ሲመድባት፥ ሐሳቡ የተመሠረተው ገበሬው በአንድ ማሳ ውስጥ ባኖረው የዝርያ ብዛት ላይ ነበር፤ ከአገራችን የአጃ ዝርያዎችም አንዱ በስሙ ተሰይሟል። የዝርያ ብዛት ግን ያለ ምክንያት አይኖርም፤ የሚጠብቀው መሬቱ የሚሰጠውን ሁሉ መብል ለማድረግ የተገደደ ቤት ነው።

ዛሬ ማሳው ተለውጧል። በ1993 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በሜጫና በቡሬ በኩል፥ በዚያው አቈጣጠር በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቍንጮ ጤፍም በየወረዳው ተስፋፍተው የምርቱን ልክ ከፍ አድርገዋል፤ ይህን የሚክድ ካለ ገበሬው ራሱ ይስቅበታል። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ደግሞ የደከመው መሬት ዴከረንስ በሚባለው የግራር ዛፍ ተሸፍኖ ለከሰል ሲውል ቈይቷል፤ ዛፉ ገንዘብ አመጣ፥ በኋላም በሽታ ገብቶበት ደኑ መድረቅ ጀመረ። ከአውሮፓ የመጡ ምሬት አልባ የግብጦ ዝርያዎችም በምርምር ማዕከላት ተሞክረዋል፤ ለሰውም ለከብት መኖም ይበጃሉ ተብለዋል።

የዝርያ አራቢዎቹ ሐሳብ መልካም ነው፤ ያለ ወንዝና ያለ ጆንያ የሚበላ ግብጦ የሴቲቱን ድካም ያቀላል። ነገር ግን ጣፋጭ የሆነው ግብጦ ያን የቀደመ ጠባቂውን ያጣል። ከታኅሣሥ በኋላ ከብቱ በሙሉ በሚለቀቅበት አገር እንዲህ ያለውን ማሳ ማን ይጠብቀዋል? አጥር ይታጠር ቢባል እንጨቱ ከየት ይመጣል? ልቅ ግጦሽ ይቅር ቢባልስ ከብቱ በበጋ ምን ይበላል? ይህን የሚወስነው የግጦሹን ቀን የሚቈርጠው የቀበሌው ማኅበር ስለሆነ፥ ዘሩ ከመከፋፈሉ በፊት ምክሩ ከዚያ መጀመር ይኖርበታል፤ ቀማሿ እመቤትም ከምክሩ መቅረት የለባትም።