ቱቦው ክትሩን ሲያቋርጥ

የጎርፍ ማቆያ ኩሬ ሥራው ውሃን ለጥቂት ሰዓታት ይዞ ቀስ እያለ መልቀቅ ነው። ለመልቀቅ ደግሞ ከክትሩ ሥር ቱቦ ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ፌማ፣ ያሳተመው የአፈር ግድብን የሚያቋርጡ ቱቦዎች የቴክኒክ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚናገረው ስለዚህ ቱቦ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው። ስጀምረው ለአንድ ቱቦ ይህ ሁሉ ገጽ ለምን አስፈለገ ብዬ ነበር። ስጨርሰው ግን የጎደለው ነገር ቆጨኝ። ያነበብኩት ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ ያለውን የሙባረክ አል-ከቢርን መሬት እያሰብኩ ነውና፣ ዳሰሳዬም ከዚያ መሬት አይርቅም።

መጽሐፉ የተነሳበት ሐሳብ ትክክል ነው። ከፈረሱት የአፈር ግድቦች ግማሽ ያህሉን የጣላቸው አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ የወሰደ ውሃ ነው፤ በግድቡ አካል ውስጥ ከደረሰው ከዚህ ሽርሸራ ብዙው ደግሞ ቱቦን ተከትሎ የሄደ ነው። ምክንያቱን ሳይት ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ቱቦ ክብ ስለሆነ ከሆዱ በታች ያለውን አፈር ሮለር አይደርስበትም፤ በእጅ የሚያዝ መጠቅጠቂያም በደንብ አያገኘውም። አፈሩ እያደር ሲቀመጥ ቱቦው አብሮት አይቀመጥም፤ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ውሃ የሚፈልገው ያንን ክፍተት ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ በ1903 ገበሬዎች የሠሩት የሎን ሌክ ግድብ ሐምሌ 15 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. የተናደው በዚህ መንገድ ነው። የመውጫ ቱቦውና የበሩ መጋጠሚያ ላይ የነበረው የእርሳስ ማሸጊያ አርጅቶ አፈሰሰ፤ የፈሰሰው ውሃ አፈሩን በላ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የቆመን ግድብ አንዲት መጋጠሚያ ጣለችው። ይህን የሚያውቅ ሰው የመጽሐፉን ውፍረት አይነቅፍም።

ከሁሉ የላቀው ክፍል ስለ አንገትጌ የተጻፈው ነው። ለረጅም ዘመን መሐንዲሶች ቱቦውን ተከትሎ የሚሄደውን ስርገት ለማገድ በቱቦው ዙሪያ የኮንክሪት ወይም የብረት አንገትጌ ያስሩ ነበር። ሐሳቡ የውሃውን መንገድ ማስረዘም ነበር፤ በወረቀት ላይ ያሳምናል። መመሪያው ግን የፈረሱትን ይቆጥራል፦ አንገትጌ ያላቸውም ፈርሰዋል። ይባስ ብሎም አንገትጌው ለመጠቅጠቂያው መሣሪያ እንቅፋት እየሆነ ጥግና ጎኑ ላይ የላላ አፈር አስቀርቷል። ስለዚህ አንገትጌው ይቅርና በቱቦው ዙሪያ የአሸዋ ማጣሪያ ግርዶሽ ይቀመጥ ይላል። ውሃው ይለፍ፤ አፈሩ ግን አብሮት እንዳይወጣ። ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረን ልማድ በማስረጃ መሻር ድፍረት ይጠይቃል፤ ደራሲዎቹን በዚህ አከብራቸዋለሁ። የማጣሪያው ልክ የመሐንዲሱ የቴርዛጊ የቆየ ደንብ ነው፤ ከአሸዋው 15 በመቶው የሚያልፍበት የወንፊት ቀዳዳ፣ ከሚጠበቀው አፈር 85 በመቶው ከሚያልፍበት ቀዳዳ ከ4 ወይም ከ5 እጥፍ አይብለጥ።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ሙባረክ አል-ከቢር እንሂድ። ከመሲላ እስከ አቡ አል-ሐሳኒያ ያለው ዳርቻ ባሕረ ሰላጤውን ይነካል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብና ጨዋማ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የአገሬው ሰው ጋች የሚለው፣ በካልሲየም ካርቦኔት የተጣበቀ ጠንካራ ንጣፍ። በኩዌት በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 110 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሲመጣ ግን አንድ ላይ ይመጣል። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. የጣለው ዝናብ መንገዶችንና መተላለፊያ ዋሻዎችን አጥለቅልቆ የሥራ ሚኒስትሩ ሁሳም አል-ሩሚ ሥልጣናቸውን ለቀዋል። ጎርፍ ማቆያ ኩሬ ለዚህ አገር ቅንጦት አይደለም።

መጽሐፉን የምነቅፈው እዚህ ላይ ነው። ገጾቹን ስታነብ በዓይነ ሕሊናህ የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት ግድብ ነው። የኩዌት ኩሬ ግን ወራትን በጠራራ ፀሐይ ደርቆ ይከርማል። ክትሩ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ድንገት ይሞላል። የግድብ ሰዎች እጅግ የሚፈሩት የመጀመሪያውን ሙሌት ነው። በአይዳሆ የነበረው የቲተን ግድብ ሰኔ 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. የፈረሰው ገና ሲሞላ ነበር፤ 11 ሰዎች ሞተዋል። በደረቅ አገር ያለ ኩሬ ደግሞ በየዓመቱ የመጀመሪያ ሙሌት አለበት። ይህ አንድ አንቀጽ ሳይሆን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ኩዌት መሄድ አያስፈልገውም። ዋልካ መሬት በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ እንደሚሰነጠቅ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ተንዠቅዥቆ እንደሚገባ ገበሬው ያውቃል። ከዋልካ የተሠራ ክትር ቱቦ ሲቀበርበት ሁለት ድክመት አንድ ላይ ይገናኛሉ።

የጨው ጉዳይም አለ። አሜሪካውያኑ በውሃ ውስጥ ስለሚበተን ሸክላ ያስጠነቅቃሉ፤ መልካም ነው። በኩዌት ግን ነገሩ ይጠልቃል። ሶዲየም የበዛበት አፈር ጨዋማ ውሃ እስካገኘ ድረስ ተያይዞ ይቆያል፤ የዝናብ ውሃ ጨው ስለሌለው ሲደርስበት ይበተናል። ስለዚህ ፎርማኑ የአፈር ጓል ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥሎ ሲፈትን ውሃው የተጣራ መሆን አለበት። ለግንባታ በሚቀርበው ጨዋማ ውሃ ከፈተነው ደህና ነው ብሎ ይሳሳታል። ጂፕሰም ደግሞ ራሱ ይሟሟል፤ ጎረቤት ኢራቅ የሞሱልን ግድብ ጂፕሰም ላይ ሠርታ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መሠረቱን በሲሚንቶ ስትሞላ ኖራለች። ከሙባረክ አል-ከቢር ብዙም በማይርቀው በአል-ዘሀር ሰፈርም በ1988 መሬቱ ሰምጦ ጉድጓዶች ተከፍተዋል፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ ያለው የኖራ ድንጋይ ነበር። ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት መሬቱ በጥልቀት ሊመረመር የሚገባው ለዚህ ነው።

ማጣሪያውም ቢሆን እንደ አሜሪካው ቀላል አይደለም። ለኮንክሪት የሚሆን ንጹህ አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በረሃው ላይ በነጻ የተዘረጋው ግን ያ አይደለም። ደቃቅና አንድ ዓይነት መጠን ያለው ስለሆነ ራሱ በውሃ ይወሰዳል። ተነፍቶና ታጥቦ፣ ከጨው ጸድቶ የመጣ አሸዋ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሥራ ተቋራጩ ሲፈተን የሚወድቀውም በዚህች ዋጋ ላይ ነው። ቱቦውስ? በዚያ ጨው ውስጥ ቆርቆሮ ቱቦ መቅበር እያወቁ የሎን ሌክን መጋጠሚያ መቅበር ነው።

ሌላው ቅሬታዬ የተጻፈላቸውን ሰዎች ይመለከታል። መጽሐፉ ለተቆጣጣሪና ለነዳፊ ነው። አፈሩን በ10 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ከቱቦው ጎን የሚጠቀጥቀው፣ እርጥበቱን በጭብጡ የሚለካው ሠራተኛ የራሱ ገጽ የለውም፤ የቱቦው ዕጣ ግን በእሱ እጅ ነው። ፌማ በ2011 ያወጣው የማጣሪያ መመሪያ የጎደለውን በከፊል ሞልቷል። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ ከሁለቱ መጀመሪያ የምሰጠው የአንገትጌውን ክፍልና ስለ ፍተሻ የሚናገሩትን ገጾች ነው፤ በተለይ ከቱቦው አፍ አጠገብ የሚንጠባጠበው ውሃ ጥርት ያለ ወይስ የደፈረሰ መሆኑን በየዝናቡ ማየት እንደሚገባ የሚያስተምሩትን።