በቤተ ሙከራ የበቀለ የደም ቧንቧ፦ ከሐዋሳ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ላንሴት» መጽሔት የታተመው የሎውሰንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በቤተ ሙከራ የበቀለ የደም ቧንቧ ለኩላሊት እጥበት ሊያገለግል እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። በአሜሪካና በፖላንድ 60 ሕሙማን ተሳትፈውበታል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦ ከለጋሽ የተገኙ የልስልስ ጡንቻ ህዋሳት በሚሟሟ ቱቦ ላይ ይባዛሉ፤ ያመነጩት ኮላጅን የቧንቧውን ግድግዳ ሲያቆም ህዋሳቱ ታጥበው ይወገዳሉ። የሚቀረው ህዋስ አልባ ቧንቧ ተከማችቶ ለማንኛውም ታማሚ ይውላል።

የሥራው ድፍረት የሚታየው በተወው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጃፌና ባልደረቦቹ የኢንዶቴልየም ህዋሳትን ከእትብት ደም መልስ አውጥተው ካባዙ ወዲህ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ተተኪውን ቧንቧ በእነዚሁ ህዋሳት ለመልበስ ጥረዋል። ደም እንዳይረጋ የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነውና። በቪየና የታማሚው የራሱ ህዋሳት ለዚሁ ዓላማ ተባዝተው ጥሩ ውጤት ተገኝቷል፤ ዋጋው ግን የሳምንታት ጥበቃ ነበር። ሎውሰንና ባልደረቦቹ ሽፋኑን ለታማሚው አካል ትተውታል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። በ12ኛው ወር አገልግሎት ላይ የነበሩት ቧንቧዎች 89 በመቶ ናቸው ተብሏል። ያለ ተጨማሪ ሕክምና ክፍት ሆነው የቆዩት ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት የረጋ ደም በማውጣትና የጠበበውን በባሉን በማስፋት የተሸፈነ ነው። ይህ አገልግሎት በቅርብ በማይገኝበት ሥፍራ ለታማሚው የሚደርሰው አኃዝ የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ነው። በተጨማሪም ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ስለዚህ ከታማሚው ከራሱ ደም ሥር ከሚሠራ ፊስቱላ ይበልጣል ለማለት አያስችልም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህንኑ ቧንቧ ያጸደቀው፣ ለእጅና ለእግር የደም ቅዳ ጉዳት፣ ያውም የታማሚውን የራሱን ደም ሥር መጠቀም በማይቻልበት ጊዜ ነው። እዚያም ቢሆን የራስ ደም ሥር ቀዳሚ ነው።

በሐዋሳ ለምንሠራ ባለሙያዎች ትምህርቱ ከዚህ ይጀምራል። ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ታማሚ ሲተኛ መርፌውን ከክንዱ ይልቅ በእጁ ጀርባ ላይ መትከል፣ ለፊስቱላም በወቅቱ መላክ ምንም የቤተ ሙከራ ወጪ አይጠይቅም። በሌላ በኩል፣ በየማዋለጃ ክፍሉ የሚጣለው እትብት የጃፌ ሥራ የተነሣበት ጥሬ ዕቃ ነው። በእናቲቱ ፈቃድና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ፣ 37 ዲግሪ ሙቀትና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠብቅ ኢንኩቤተር ያለው ቤተ ሙከራ ህዋሳቱን ሊያባዛ ይችላል። ዕውቀቱን ከዚያ መጀመር ይቻላል፤ የታማሚውን ደም ሥር መጠበቅ ግን ከዛሬው ተራ ጀምሮ ግዴታችን ነው።